ጎንደርና ጎንዶር፤ በምናብ ታሪክ ውስጥ የሚገኙ የፈጠራ ስሞች አመጣጥና ትርጓሜ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚለው አባባል ስም ከባለስሙ ጠባይና ዕጣ ጋር የተሳሰረ ነው ከሚል የቆየ እምነት የመነጨ ነው። ወላጅ ለልጁ ስም ሲያወጣ የቤተ ሰቡን ኀዘንና ደስታ፥ የተወለደበትን በዓል፥ ወይም የነገ ተስፋውን ያስባል። የአገርና የከተማ ስም ግን ብዙውን ጊዜ ማን እንዳወጣው ሳይታወቅ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይወርዳል፤ ምክንያቱን የሚናገር ምስክር ስለማይገኝም አንዱ ሽማግሌ አንድ ታሪክ፥ ሌላው ሌላ ታሪክ ይሰጠዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የስምን መነሻ ለሚፈልግ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀርበው መሣሪያ የድምፅ መመሳሰል ነው። አንድ ስም ከአንድ ቃል ጋር በጆሮ ከተስማማ፥ የዚያ ቃል ልጅ ነው ተብሎ ይፈረዳል።

በምናብ ታሪክ ውስጥ የሚገኙ የፈጠራ ስሞች በዚህ ረገድ ለተመራማሪ የተለየ ዕድል ይሰጣሉ። በዓለም ላይ ያልነበረ አገር፥ ያልተወለደ ንጉሥ፥ ያልተነገረም ቋንቋ ሲፈጠር ስም አውጪው አንድ የታወቀ ሰው ነው። ይህ ሰው ደብዳቤ፥ ረቂቅና መዝገበ ቃላት ትቶ የሞተ እንደ ሆነ፥ በድምፅ መመሳሰል ላይ የተመሠረተው ግምት ልክ መሆኑንና አለመሆኑን በምስክር መፈተን ይቻላል። ስለዚህ የፈጠራ ስሞች ጥናት ለጊዜ ማሳለፊያ የሚሆን ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ የእውነተኛ አገሮችና ሕዝቦች ስም የሚጠናበት ዘዴ ምን ያህል እንደሚያስተማምን የሚለካበት ሚዛን ነው። ከዚህ በታች የሚቀርበው ምርመራ ኢትዮጵያን በሚነኩ ሦስት ስሞች ላይ ይመሠረታል፤ እነርሱም ራሴላስ፥ ጎንዶርና ሲጌልዋራ ናቸው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሀ. ሦስት የስም አወጣጥ መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ ትርጉም ካላቸው የሌላ ቋንቋ ቃላት ስም መሥራት ነው። እንግሊዛዊው ቶማስ ሞር በ1516 በላቲን ያሳተሙት መጽሐፍ ለዚህ ዋና ምሳሌ ይሆናል። የደሴቲቱ ስም «ዩቶፒያ» በግሪክኛ አፍራሽ ከሆነው «ኡ» እና «ስፍራ» ከሚለው «ቶፖስ» የተገጠመ ሲሆን የትም የሌለ ስፍራ ማለት ነው። በዋናዋ ከተማ አጠገብ የሚፈሰው ወንዝ «አኒድሮስ» ይባላል፤ ውሃ የሌለው ማለት ነው። ይህን ሁሉ በዐይኔ አየሁ ብሎ የሚተርከው መንገደኛ ደግሞ «ሂትሎዴዎስ» ይባላል፤ በከንቱ ወሬ የተካነ እንደ ማለት ነው። ግሪክኛ የማያውቅ አንባቢ መጽሐፉን እንደ ጉዞ ታሪክ ያነበዋል፤ የሚያውቀው ግን እያንዳንዱ ስም ታሪኩን ከሥሩ ሲያፈርሰው ያያል። ሰምና ወርቅ ለለመደ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሰሙ የመንገደኛው ወሬ ነው፥ ወርቁም ይህ አገር የለም የሚለው ነው።

ሁለተኛው መንገድ ድምፅን መከተል ነው። ጆናታን ስዊፍት በ1726 ባሳተሙት የጉሊቨር ጉዞ ታሪክ ውስጥ አእምሮ ያላቸውን ፈረሶች የሚጠሩበት ስም የፈረስን ማሽካካት የሚመስል ነው። ይሁን እንጂ በታሪኩ ውስጥ ስሙ በፈረሶቹ ቋንቋ «የተፈጥሮ ፍጹምነት» የሚል ትርጉም እንዳለው ይነገራል። እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ልብ ሊባል ይገባዋል። የስሙ መነሻ ሌላ ነው፥ ትርጉሙም ሌላ ነው። መነሻው ደራሲው በጋጣ የሰሙት ድምፅ ሲሆን፥ ትርጉሙ በታሪኩ ውስጥ ያሉ ሰዎች ለስሙ የሚሰጡት ፍች ነው። እነዚህን ሁለቱን የቀላቀለ ሰው በኋላ እንደሚታየው ይሳሳታል።

ሦስተኛው መንገድ እውነተኛን ስም ወስዶ መለወጥ ነው፤ ለዚህም የሚሆነው ምሳሌ ከኢትዮጵያ ታሪክ የተገኘ ነው። ሳሙኤል ጆንሰን በ1735 ያሳተሙት የመጀመሪያ መጽሐፋቸው ፖርቱጋላዊው ካህን ጀሮኒሞ ሎቦ በኢትዮጵያ ስላደረጉት ጉዞ የሚናገር ሲሆን፥ ለ ግራን የተባሉት ፈረንሳዊ በ1728 ካሳተሙት ቅጂ ወደ እንግሊዝኛ የተመለሰ ነው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የዐፄ ሱስንዮስ የእናት ልጅ ወንድምና የጦር አዛዥ የነበሩት ራስ ሥዕለ ክርስቶስ በተደጋጋሚ ይጠቀሳሉ። የአውሮጳ ጸሐፊዎች ማዕርጉን ከስሙ ጋር ገጥመው «ራሴላ ክርስቶስ» ብለው ጽፈውታል። ከ24 ዓመት በኋላ፥ በ1759፥ ጆንሰን እናታቸው በሞቱበት ሰሞን፥ እንደሚተረከውም ለቀብሩ ወጪ ገንዘብ ለማግኘት ሲሉ፥ ስለ አንድ የሐበሻ ልዑል የሚናገር ታሪክ በጥቂት ቀኖች ጻፉ። የልዑሉም ስም ራሴላስ ሆነ።

አማርኛና ግእዝ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ስም የተሠራበት መንገድ ግልጽ ነው። «ራስ» ማዕርግ ነው፤ «ሥዕለ» ደግሞ «ሥዕል» ከሚለው የወጣና የሚከተለውን ስም የሚጠብቅ ዘርፍ ያዥ ቃል ነው። «ሥዕለ ክርስቶስ» የክርስቶስ ሥዕል ማለት ሲሆን፥ «ክርስቶስ» የሚለው ሲቈረጥ የቀረው «ራስ የ… ሥዕል» የሚል ያልተፈጸመ ሐረግ ነው። በላዩም አውሮጳዊ የስም መጨረሻ ተጨምሮበታል። እንዲህ ሆኖ ማዕርግና ግማሽ ስም ተጣብቀው በእንግሊዝ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ እንደ አንድ ሙሉ ስም ኖሩ። ልዑሉ በተራሮች በተከበበ በአምሓራ ሸለቆ ተዘግቶ መኖሩም ነገሥታት የሥጋ ዘመዶቻቸውን በአምባ ያስቀምጡ ከነበረው ልማድ ወሬ የተወሰደ ነው።

በራሴላስ ጉዳይ የድምፅ መመሳሰል ልክ ሆኖ ተገኝቷል። ነገር ግን ያጸናው ድምፁ ብቻ አይደለም። ጆንሰን የሎቦን መጽሐፍ በገዛ እጃቸው የተረጐሙ መሆናቸው የተረጋገጠ ነው፤ ስሙ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ በተመሳሳይ አጻጻፍ ይገኛል፤ ታሪኩም የሚፈጸመው በዚያው አገር ነው። ድምፁ መንገድ ጠቈመ እንጂ ፍርዱን የሰጡት እነዚህ ሦስት ምስክሮች ናቸው።

ለ. ከቋንቋ የተወለዱ ስሞች

በሃያኛው መቶ ዓመት ከነዚህ ከሦስቱ የተለየ አራተኛ መንገድ ተከፈተ። ይህን መንገድ ከሁሉ አብልጠው ያሰፉት ጄ. አር. አር. ቶልኪን በ1892 በደቡብ አፍሪካ በብሉምፎንቴይን ተወልደው በ1973 በእንግሊዝ አገር ያረፉ የቋንቋ ሊቅ ናቸው። ከ1925 እስከ 1945 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የአንግሎ ሳክሶን ቋንቋ፥ ከዚያም እስከ 1959 የእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ፕሮፌሰር ነበሩ። «ሆቢት» የተባለው መጽሐፋቸው በ1937፥ «የቀለበቶች ጌታ» የተባለው ትልቁ ሥራቸው በ1954 እና በ1955 ታትመዋል። ፕሮፌሰሩ ደጋግመው እንደ ገለጹት ታሪኮቹ የተጻፉት ለቋንቋዎቹ መኖሪያ ዓለም ለማዘጋጀት ነበር እንጂ ቋንቋዎቹ ለታሪኮቹ ጌጥ አልተፈጠሩም።

የስሞቹ አንዱ ክፍል ከጥንት የሰሜን አውሮጳ ጽሑፎች በቀጥታ የተወሰደ ነው። «ቮሉስፓ» በተባለው ጥንታዊ የኖርስ ግጥም ውስጥ የድንኮች ስም ዝርዝር ይገኛል፤ በ«ሆቢት» ውስጥ ያሉት ድንኮች አብዛኞቹ ስማቸውን ያገኙት ከዚያ ነው። የታወቀው አስማተኛ የጋንዳልፍ ስምም ከዚያው ዝርዝር የመጣ ሲሆን፥ በትር ወይም አስማት ከሚል ቃልና «ኤልፍ» ከሚለው የተገጠመ ነው። ኤልፍ በሰሜኖቹ ተረት ሰው የሚመስል ከሰውም የላቀ ኀይል ያለው ፍጡር ነው። የሚያስገርመው በመጀመሪያው ረቂቅ ጋንዳልፍ የድንኮቹ አለቃ ስም የነበረ መሆኑ ነው፤ አስማተኛው ያን ጊዜ ብላዶርቲን ይባል ነበር። ስሙ ከአንዱ ባለቤት ወደ ሌላው የተዛወረው የቃሉ ትርጉም በትር ለያዘ ሽማግሌ ይበልጥ ስለ ተስማማ ይመስላል።

ሁለተኛው ክፍል ከጥንታዊ እንግሊዝኛ የተቀዳ ነው። የሮሃን ንጉሥ ስም ቴዎደን በዚያ ቋንቋ ጌታ፥ ንጉሥ ማለት ነው። የእኅቱ ልጆች ኤዮመርና ኤዮዊን በስማቸው መጀመሪያ ፈረስን የሚያመለክት ቃል ይዘዋል፤ ሕዝቡ ፈረሰኛ ነውና። የታሪኩ ዋና ሰው ፍሮዶ ስሙ ብልህ ከሚል ቃል ጋር የተዛመደ ሲሆን፥ አገልጋዩ ሳምዋይዝ ደግሞ ግማሽ ብልህ፥ ማለትም ሞኝ ቢጤ፥ የሚል ስም አለው። ጌታው ብልህ፥ ሎሌው ግማሽ ብልህ ተብለው ጉዞ ይጀምራሉ፤ በጉዞው ፍጻሜ ግን ጌታውን በጀርባው ተሸክሞ ተራራ የሚወጣው ግማሽ ብልህ የተባለው ነው። ስሙን የማይረዳ አንባቢ ታሪኩን አያጣውም፤ የሚረዳው ግን ከደራሲው ጋር በዝግታ ፈገግ ይላል።

ሦስተኛው ክፍል ፕሮፌሰሩ ራሳቸው ከፈጠሯቸው ቋንቋዎች የተወለደ ነው። ከነዚህ ዋናዎቹ ሁለት ናቸው፤ ክዌንያ የተባለው በድምፁ ከፊንላንድ ቋንቋ፥ ሲንዳሪን የተባለው ደግሞ ከዌልስ ቋንቋ ብዙ ተምሯል። ሁለቱም ከአንድ ጥንታዊ ቋንቋ የወረዱ እኅትማማቾች ተደርገው የተሠሩ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው የድምፅ ለውጥም ግእዝና ትግርኛ፥ ዐረብኛና ዕብራይስጥ ሲነጻጸሩ እንደሚታየው ሕግን የተከተለ ነው። ለምሳሌ በክዌንያ ዛፍ «አልዳ» ሲሆን በሲንዳሪን «ጋላድ» ይሆናል፤ ጥንት በቃሉ መጀመሪያ የነበረው የ«ገ» ድምፅ በአንዱ ጠፍቶ በሌላው ቀርቷል። ድንጋይም በክዌንያ «ኦንዶ» ሲሆን በሲንዳሪን «ጎንድ» ነው። ይህ ትንሽ ሕግ ከዚህ በታች ትልቅ ምስክር ይሆናል።

መነሻና ትርጉም የተለያዩ መሆናቸውን ከሁሉ የበለጠ የሚያሳየው ኤያሬንዲል የሚለው ስም ነው። ቶልኪን ገና ተማሪ ሳሉ አንድ ጥንታዊ የእንግሊዝኛ መንፈሳዊ ግጥም ሲያነቡ «ኤያሬንደል» የሚል ቃል አገኙ፤ ቃሉ ብሩህ ኮከብ ወይም የንጋት ብርሃን የሚያመለክት ይመስላል። በድምፁ ውበት ተማርከው በ1914 በዚሁ ስም ስለሚጠራ መርከበኛ ግጥም ጻፉ። ከዚያ በኋላ ስሙ በፈጠሩት ቋንቋ ውስጥ ቦታ እንዲያገኝ ባሕር የሚል ቃልና መውደድ የሚል ቃል አበጁለት፤ ኤያሬንዲልም ባሕርን ወዳድ ማለት ሆነ። በታሪኩ ውስጥ ያለ ሊቅ ስለዚህ ስም ቢጠየቅ ባሕርን ወዳድ ነው ብሎ በሙሉ ልብ ይመልሳል፤ አልተሳሳተምም። መነሻውን ግን አያውቀውም። መነሻው እሱ በማይኖርበት ዓለም በአንድ የእንግሊዝ ብራና ላይ ነውና።

ሐ. ጎንዶር፥ ሮሃንና ሞሪያ

በ«የቀለበቶች ጌታ» ውስጥ በደቡብ በኩል የሚገኘው ታላቁ የሰዎች መንግሥት ጎንዶር ይባላል። ይህ ስም በፊደል ሲጻፍ ከጎንደር የሚለየው በአንዲት ፊደል፥ በዚያውም ላይ በቅርጽዋ ብቻ ነው፤ «ደ» እና «ዶ»። የሚመሳሰለውም ስሙ ብቻ አይደለም። ጎንደር ዐፄ ፋሲለደስ በ1636 መናገሻ ያደረጓት፥ በድንጋይ ግንብ የታወቀች ከተማ ናት፤ የጎንዶርም ዋና ከተማ በድንጋይ የታነጸች፥ በሰባት ቅጥር የተከበበች ናት። በጎንደር በዘመነ መሳፍንት ነገሥታቱ በስም ብቻ ተቀምጠው ሥልጣኑ በእንደራሴዎቹ በራሶቹ እጅ ነበር፤ በጎንዶርም የንጉሡ ዙፋን ባዶ ሆኖ እንደራሴዎች በንጉሥ ስም ይገዛሉ። በዚህ ላይ የዘመኑን ነገር መጨመር ይቻላል። ጣልያኖች ጎንደርን በ1936 ያዙ፤ በኅዳር ወር 1941 የወደቀችውም የመጨረሻ ምሽጋቸው እርስዋ ነበረች። ቶልኪን ትልቁን መጽሐፋቸውን መጻፍ የጀመሩት በ1937 መጨረሻ ሲሆን፥ በነዚያ ዓመታት የጎንደር ስም በእንግሊዝ ጋዜጦች ላይ ይታይ ነበር። ከጎንዶር አጠገብ ያለው አገር ሮሃን መባሉ፥ የላሊበላም የጥንት ስም ሮሃ መሆኑ ሲታሰብ፥ ነገሩ የተረጋገጠ ይመስላል።

እንዲህ ያለ ማስረጃ ስለ አንድ እውነተኛ ጥንታዊ ከተማ ቢቀርብ ብዙ ሰው ያለ ጥርጥር ይቀበለው ነበር። በዚህ ጉዳይ ግን ምስክሮቹ አሉ፤ ሦስቱም በአንድ ቃል ይመሰክራሉ።

የመጀመሪያው ምስክር የስሙ አወቃቀር ነው። «ጎንድ» ድንጋይ ሲሆን «ዶር» አገር ማለት ነው፤ ጎንዶር የድንጋይ አገር ማለት ይሆናል። «ዶር» የሚለው በጠላት አገር በሞርዶር ስምም ይገኛል፤ ሞርዶር ጥቁር አገር ማለት ነው። «ጎንድ» የሚለው ደግሞ ጎንዶሊን በተባለችው የኤልፎች ከተማ ስም ውስጥ አለ። ስለዚህ ጎንዶር ከውጭ የገባ እንግዳ ሳይሆን በቋንቋው ውስጥ ዘመድ ያለው ቃል ነው።

ሁለተኛው ምስክር ዘመን ነው። ስለ ጎንዶሊን ውድቀት የሚናገረው ታሪክ የተጻፈው በ1916 እና በ1917፥ ደራሲው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ግንባር ታመው በተመለሱ ጊዜ ነው። የኢትዮጵያና የኢጣልያ ጦርነት ከመጀመሩ 18 ዓመት ያህል አስቀድሞ «ጎንዶ» የሚለው የድንጋይ ቃል በቋንቋቸው ውስጥ ነበር ማለት ነው። ልጅ ከአባቱ በፊት ሊወለድ አይችልም።

ሦስተኛው ምስክር ረቂቁ ነው። ልጃቸው ክሪስቶፈር ቶልኪን በ1988 እና በ1989 ባሳተሟቸው ቅጾች እንደ ታየው፥ አገሩ በመጀመሪያ የተጠራው «ኦንድ» ተብሎ ነው፤ ቀጥሎ «ኦንዶር» ሆነ፤ በመጨረሻ ጎንዶር ተባለ። ኦንድ የሚለውን ስም ሰምቶ ጎንደርን የሚያስብ ማንም የለም። በመጨረሻ የተጨመረው የ«ገ» ድምፅም ከላይ የተገለጸውን የሁለቱን ቋንቋዎች ሕግ የተከተለ ነው። መመሳሰሉ የተገኘው እንግዲህ በጉዞው ፍጻሜ ነው፤ በመነሻው አልነበረም።

ይህ ጥያቄ ለደራሲው ራሳቸው በ1971 በደብዳቤ ቀርቦላቸው ነበር። የሰጡት መልስ ለስም ተመራማሪ ሁሉ የሚጠቅም ትሕትናና ጥንቃቄ አለበት። የሰው አእምሮ የተረሱ ስሞች እንደ ረገፈ ቅጠል ተደራርበው የሚበሰብሱበት አፈር መሆኑን፥ ኢትዮጵያም በኢጣልያ ጦርነት ጊዜ ስሟ ብዙ ይነሣ ስለ ነበር ጎንደር ከነዚያ ቅጠሎች አንዱ ሊሆን እንደሚችል አልካዱም፤ ነገር ግን በሥነ ምድር ከሚታወቀው ከጎንድዋና የበለጠ ድርሻ እንደሌለው ተናገሩ። የድንጋዩን ቃል ግን ከየት እንዳገኙት ያስታውሱት ነበር። የ8 ዓመት ልጅ ሳሉ ባነበቡት አንድ ትንሽ መጽሐፍ ውስጥ፥ ኬልቶች ወደ ብሪታንያ ከመግባታቸው በፊት በዚያ ይኖሩ ከነበሩት ሕዝቦች ቋንቋ የተረፈው ምናልባት አንድ ሁለት ቃል ብቻ እንደ ሆነ፥ ከነዚያም አንዱ «ኦንድ»፥ ድንጋይ፥ እንደ ሆነ ተጽፎ ነበር። የጠፋ ሕዝብ የተዋት አንዲት ቃል በአንድ ልጅ ልብ ውስጥ ወድቃ የአንድ ምናባዊ መንግሥት መሠረት ሆነች።

ሮሃንም ቢሆን ከሮሃ አልመጣም። በሲንዳሪን ፈረስ ከሚል ሥር የተሠራ ሲሆን የፈረሶች አገር ማለት ነው። ደራሲው በ1967 በጻፉት አንድ የደብዳቤ ረቂቅ እንደ ገለጹት፥ ሮሃን በፈረንሳይ አገር በብሪታኒ የሚገኝ የታወቀ የመሳፍንት ቤት ስም መሆኑን ያውቁ ነበር፤ መልኩንም ወደዱት፤ ነገር ግን የፈረሱ ቃል ቀድሞ ስለ ነበራቸው ስሙ በቋንቋቸው ውስጥ በቀላሉ ገባላቸው። እንግዲህ ጎንዶርና ሮሃን ጎን ለጎን በመሆናቸው እርስ በርሳቸው የሚደጋገፉ ይመስሉ የነበሩት ሁለቱ ግምቶች ተራ በተራ ወደቁ። ሁለት ደካማ ማስረጃዎች ቢደመሩ አንድ ጠንካራ ማስረጃ አይሆኑም።

ሦስተኛው ፈተና ሞሪያ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ሞሪያ ድንኮች በተራራ ሥር የቈፈሩት ታላቅ የተተወ መኖሪያ ነው። መጽሐፍ ቅዱስን የሚያውቅ ሰው ሁሉ አብርሃም ይስሐቅን ሊሠዋ የወጣበትን የሞሪያን ምድር ያስባል። ደራሲው ግን ከዚህ ጋር ምንም ግንኙነት እንደሌለው ገልጸዋል። ትርጉሙ ጥቁር ገደል ሲሆን፥ ድምፁ የተገኘው «ሶርያ ሞርያ» ከተባለ የኖርዌይ ተረት ቤተ መንግሥት ነው። እዚህም ላይ ትርጉሙ አንድ፥ መነሻው ሌላ፥ ለጆሮ የሚቀርበውም ከሁለቱ የተለየ ሦስተኛ ነገር ነው።

መ. ሲጌልዋራ

በድምፅ ከኢትዮጵያ ጋር የሚመሳሰለው ስም ከኢትዮጵያ ያልመጣ ከሆነ፥ በቶልኪን ሥራ ውስጥ የኢትዮጵያ ድርሻ ምንም የለም ማለት አይደለም። አለ፤ የሚገኘው ግን ማንም ሰው በጆሮው ሊያገኘው በማይችል ቦታ ነው።

የጥንት እንግሊዛውያን ተርጓሚዎች ላቲኑ ኢትዮጵያውያን በሚልበት ቦታ ብዙ ጊዜ «ሲጌልሄአርዋን» ወይም «ሲጌልዋራ» የሚል ቃል ያስገቡ ነበር። የኦሪት ዘፀአትን ታሪክ በሚተርከው ጥንታዊ የእንግሊዝኛ ግጥም ውስጥም የእስራኤል ልጆች ሲጓዙ ከደቡባቸው በሙቀት የተቃጠለው የሲጌልዋራ ምድር እንደ ነበረ ይነገራል። ፕሮፌሰር ቶልኪን በዚህ በአንድ ቃል ላይ የጻፉትን ሰፊ ጥናት «ሜዲየም ኤቩም» በተባለው መጽሔት በ1932 እና በ1934 በሁለት ክፍል አሳተሙ። የጥያቄያቸው ፍሬ ይህ ነው፤ ተርጓሚዎቹ የላቲኑን ስም እንዳለ መውሰድ ሲችሉ ይህን የራሳቸውን ቃል ለምን መረጡ? ቃሉስ ኢትዮጵያን ከማወቃቸው በፊት ምን ማለት ነበር?

ጥናቱ ቃሉን በሁለት ይከፍለዋል። የመጀመሪያው «ሲጌል» በአንድ በኩል ፀሐይ፥ በሌላ በኩል ዕንቍ ወይም ጌጥ የሚሉ ሁለት ትርጉሞች ይዟል። ሁለተኛው «ሄአርዋ» ከፍምና ከምድጃ ጋር የተዛመደ ሆኖ ተገኝቷል። ከዚህ ተነሥተው ቶልኪን፥ ቃሉ በመጀመሪያ የማንኛውም ሕዝብ ስም እንዳልነበረ፥ በጥንቱ የጀርመን ነገዶች እምነት ውስጥ የነበሩ የእሳት ፍጡሮች፥ ዐይናቸው እንደ ፍም የሚግል፥ ፊታቸው እንደ ጥላሸት የጠቈረ፥ ስም ሊሆን እንደሚችል ገመቱ። የግሪኩ «ኤትዮጵስ» ፊቱ የተቃጠለ የሚል ትርጉም ስላለው፥ ኢትዮጵያዊ በዐይናቸው አይተው የማያውቁት ተርጓሚዎች የተቃጠለ የሚለውን ሐሳብ ይዘው ይህን አሮጌ የተረት ቃል አለበሱት። ነገሩ ግምት እንጂ ሙሉ በሙሉ የተረጋገጠ አለመሆኑንም አልሸሸጉም።

ቶም ሺፒ የተባሉት የሥነ ጽሑፍ ሊቅ በ1982 ባሳተሙት መጽሐፍ፥ ይህ ጥናት በቶልኪን ታሪኮች ውስጥ ካለው ባልሮግ ከተባለው የጥላና የእሳት ጋኔን፥ እንዲሁም ብርሃን ካዘሉት ሲልማሪል ከተባሉት ዕንቍዎች ጋር እንደሚገናኝ አስረድተዋል። ፀሐይና ዕንቍ በአንድ ቃል መገናኘታቸው፥ ጥቁረትና ፍምም በአንድ ፍጡር መዋሐዳቸው በእውነት ያስገርማል። ነገር ግን ጎንዶርን የፈተነው ሚዛን ይህንንም መፈተን አለበት። ባልሮግ የሚለው ስም በ1916 እና በ1917 በተጻፈው በጎንዶሊን ታሪክ ውስጥ ይገኛል፤ ይህም ጥናቱ ከመታተሙ 15 ዓመት ያህል አስቀድሞ ነው። ስለዚህ የስሙ መነሻ ጥናቱ ሊሆን አይችልም። ሊባል የሚቻለው፥ ጋኔኑ ከጥናቱ በኋላ በተጻፈው በሞሪያ ምዕራፍ ጥላ የለበሰ እሳት ሆኖ ሲሣል በደራሲው አእምሮ የሲጌልዋራ ምርመራ አብሮ ነበረ የሚል ብቻ ነው። ስሙ ከሌላ ቦታ መጣ፤ ሥዕሉ ግን ኢትዮጵያውያንን ከሚመለከት ቃል ምርመራ ብርሃን ተቀብሎ ሊሆን ይችላል።

ለሕዝቦች ባህል ጥናት ከዚህ ከባድ ቁም ነገር ይወጣል። ሲጌልዋራ የሚለው ቃል ስለ ኢትዮጵያውያን የሚያስተምረው አንዳች ነገር የለም፤ የሚያስተምረው ስለ ስም አውጪዎቹ ነው። ሩቅ ያለን ሕዝብ ሳያዩ የሰየሙ ሰዎች የገዛ አገራቸውን የተረት ፍርሃት አልብሰውታል። ጆንሰን የራስ ሥዕለ ክርስቶስን ስም ለሁለት ቈርጠው ምናባዊ ልዑል ሲያደርጉ እውነተኛው ስም ወደ ተረት ገባ፤ ሲጌልዋራ ሲባል ደግሞ የተረት ስም በእውነተኛ ሕዝብ ላይ ተጫነ። የመጀመሪያው ጉዳት የለውም፤ ሁለተኛው ግን አንድን ሕዝብ ከሰው ተራ አውጥቶ ከጋኔን ተራ ለማስገባት በር ይከፍታል። ስለዚህ በውጭ አገር ብራናዎች ውስጥ ለኢትዮጵያ የተሰጡ ስሞች ሲጠኑ፥ ስሙ ስለ ማን ይናገራል ከሚለው ጥያቄ አስቀድሞ፥ ስሙን ያወጣው ማን ነው፥ ምንስ አይቶ ነው የሚለው መጠየቅ ይኖርበታል።

ሠ. ከፈጠራ ስሞች ወደ እውነተኞቹ

ከሦስቱ ስሞች የሚገኘው ትምህርት አጭር ነው። ራሴላስ በድምፅ ይመሳሰላል፥ ግንኙነቱም እውነት ነው። ጎንዶር በድምፅ ይመሳሰላል፥ ደራሲው ካልካዱት ከዚያ ከጥቂት የቅጠል አፈር በቀር ግንኙነቱ ሐሰት ነው። ሲጌልዋራ በድምፅ ከምንም አይመሳሰልም፥ ኢትዮጵያን ግን በቀጥታ ይመለከታል። እንግዲህ የድምፅ መመሳሰል መኖሩ ዝምድናን አያረጋግጥም፤ አለመኖሩም ዝምድናን አይከለክልም። የሚያረጋግጡት የስሙ አወቃቀር፥ ዘመኑና የጽሑፍ ምስክሩ ናቸው።

የእውነተኛ ከተሞችና አውራጃዎች ስም ሲጠና እነዚህ ምስክሮች ብዙ ጊዜ አይሟሉም። ደብዳቤ ጽፎ የሚጠየቅ ስም አውጪ የለም፤ ኦንድ ጎንዶር ሲሆን የሚያሳይ ረቂቅም አልተቀመጠም። ይህ ግን የአገር ሽማግሌዎች ስለ ስሞች የሚናገሩት ሁሉ ይጣል ማለት አይደለም። በታሪኩ ውስጥ ያለው ሊቅ ኤያሬንዲል ባሕርን ወዳድ ነው ሲል እንዳልተሳሳተ ሁሉ፥ ሽማግሌውም የመንደሩን ስም ሲፈታ የሚናገረው እውነት አለው፤ እሱም ሕዝቡ ለስሙ የሰጠው ትርጉም ነው። ይህን ትርጉም ማን እንደ ተናገረው፥ የት፥ መቼ እንደ ተነገረ መዝግቦ ማቈየት የባህል ተመራማሪ ሥራ ነው። መነሻው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ምስክር እስኪገኝለት ድረስ በተለየ ገጽ ላይ ሊቀመጥ ይገባዋል።